ወደ ግራ ሲዞር የሚጮኸው ጂፕ

አባቴ የሚነዳው ጂፕ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ክላክሱ በራሱ ጊዜ መጮኽ ጀመረ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጨዋ ነው። ወደ ቀኝ ሲዞርም ትንፍሽ አይልም። ግራ ሲሆን ግን ጅራቱን እንደተረገጠ ውሻ ይለቀዋል፤ መሪው እስኪቃና ድረስም አያቋርጥም።

ጂፑ የእኛ አልነበረም፤ የመንግሥት ነው። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ባለሙያዎችን ጭኖ ወደ ምዕራብ ገጠር ይወርዳል፤ ሳምንታት ቆይቶ እሱም ጂፑም አንድ ዓይነት ጭቃ ለብሰው ይመለሳሉ። ቤታችን ኮልፌ፣ ወደ አስኮ በሚያወጣው መንገድ ላይ ስለነበረ ጂፑ እኛ ግቢ እንዲያድር ተፈቅዶለታል። ሸራ ጣሪያው የተጣጣፈ፣ አንዱ በሩ በሽቦ የሚታሰር አሮጌ ነበር። አባቴ ግን እሱ ላይ ሲወጣ ቁመቱ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው እንኳ ጂፑ ውስጥ ሲሆንና በእግሩ ሲሄድ እኩል አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጩኸት የሰማነው እሑድ ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ለተሰዉ ጓዶች የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ አስነሥቶናል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን የሚደፋበት ሰዓት ለእኔ ቀና የምልበት ሰዓት ነው፤ የሚያየኝ የለማ። ቀና ብዬ የሰውን ማጅራት ስቃኝ የጂፑ ድምፅ ተሰማኝ። አባቴ ከመስክ መመለሱ ነው። ወደ ቤታችን ለመግባት ደግሞ ከአዳራሹ ደጃፍ ወደ ግራ መታጠፍ ግድ ነው። ታጠፈ። ክላክሱ የኅሊናውን ጸሎት ከመሀል ገብቶ እስከ መጨረሻው አደረሰው።

አባቴ ተጠርቶ ተጠየቀ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ሽቦው የሆነ ቦታ ኮንታክት እንደፈጠረ አስረዳ። ሊቀመንበሩ ኮንታክቱ ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቀው። አባቴ ይህን ሲነግረን ለመሳቅም ለመፍራትም አልቆረጠም ነበር።

እሱስ አለፈ። የከፋው የስምሪት ኃላፊው ፊት የሆነው ነው። የስምሪት ኃላፊው መኪናና ሾፌር የሚመድበው ሰው ነው፤ ገና ወጣት፣ ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ፣ ትንሹንም ትልቁንም “ጓድ” እያለ የሚጠራ። አንድ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ወደ መሥሪያ ቤቱ በር ሲደርሱ፣ ከበላይ የመጡ ትልልቅ ጓዶች ከመኪናቸው እየወረዱ ነበር። በሩ በግራ በኩል ነው። ጂፑ ጓዶቹ ላይ ጮኸባቸው። ከአጃቢዎቹ አንዱ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ፤ ኃላፊው ከወንበሩ ተንሸራቶ እግር ማሳረፊያው ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰ ሱሪ እዚያ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

በኋላ አባቴን ለብቻው ጠርቶ ነገረው። ሰኞ ጠዋት ወደ መስክ ይወጣሉ፤ መውጫው በእኛ ሰፈር በኩል ስለሆነ ኃላፊው ራሱ ቤታችን ድረስ ይመጣል። ጂፑ ያን ዕለት ማንም ሳይነካው አንድ ጊዜ ቢጮኽ፣ ቁልፉ ለሌላ ሾፌር ይሰጣል፤ አባቴም በር ላይ ዘበኛ ይሆናል። አባቴ ዘበኝነትን የሚንቅ ሰው አይደለም። ግን ሌላ ሰው ጂፑን ሲያስወጣ በሩን የሚከፍተው እሱ ሊሆን ነው። ያን ማታ እራቱን እንዳለ ተወው።

ለምን ወደ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ አላስገባውም የሚል ይኖራል። እዚያ የገባ መኪና መለዋወጫ ሲጠብቅ ከሥሩ ሣር ይበቅላል፤ ሾፌሩም አብሮ ይረሳል። ክላክሱን ነቅሎ ለምን አልጣለውም የሚልም ይኖራል። ሞክሮታል። በማግሥቱ ትራፊክ አስቁሞ ክላክስ እንዲያሰማ አዘዘው፤ አባቴ አፉን ከፍቶ ሊጮኽለት ምንም አልቀረው። ደግሞስ የገደሉን መንገድ ያለ ክላክስ ማን ይታጠፈዋል?

ገደል ካልኩ ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ጂፕ ሁሉ መጨረሻው ገደል ነው ብላ ታምናለች። ከአባቴ የሥራ ባልደረቦች የአንዱ መኪና ተገልብጦ ስለነበረ አባቴ መስክ በወጣ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። በፊት ከጂፑ መስታወት ላይ ትንሽ የመልአኩ ሥዕል ተንጠልጥላ ነበር። ከመንግሥት መኪና ላይ የሃይማኖት ሥዕል ይነሣ የተባለ ጊዜ አባቴ አውርዶ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ተቀብላ ተሳለመችና ጉያዋ ከተተችው፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህ ነገር ሁላችንንም ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር፤ እናቴ ሳትከራከር የተቀበለችው ሌላ ነገር አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጎረቤታችንን ራዲዮ ጠጋኙን ጠርቶ አመጣ። ወፍራምና ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። መኪና ነክተህ ታውቃለህ ወይ ሲባል፣ ራዲዮም ጂፕም ያው ሽቦ ነው አለ። ልዩነቱ ራዲዮ የታዘዘውን ያወራል፣ ጂፑ ግን የልቡን ይናገራል ብሎ ጨመረና፣ ወዲያው ዞር ዞር ብሎ ማን እንደሰማው አየ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ አልቆጠርም።

ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳን። ክላክሱ ኤሌትሪኩን ሁልጊዜ እንደያዘ ነው የሚኖረው፤ የሚጠብቀው አንድ ሽቦ የመኪናውን ብረት እንዲነካለት ብቻ ነው። መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ስንጫን የምናደርገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ያ ሽቦ ከመሪው እስከ ክላክሱ ባለው መንገድ የሆነ ቦታ ተልጦ፣ ጂፑ ወደ ግራ ሲያዘነብል ብረት እየሳመ ነው። የተላጠውን ቦታ ማግኘት ነው እንጂ፣ ካገኘነው ለመጠቅለያ ፕላስተር እንኳ ይበቃዋል አለ።

ያን ዕለት መሪውን ፈታ፤ ደህና ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን በጣቱ ተከተለ፤ እዚያም ደህና ነው። ጂፑን ወደ ደጅ አውጥተው ወደ ግራ አዞሩት፤ ጮኸ። ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ዝም። ሲመሽ ራዲዮ ጠጋኙ ነገ እንጨርሰዋለን ብሎ ሄደ። እናቴ አልተገኘም መባሉን ስትሰማ ወደ ጂፑ ረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ያዘነች መስሎኝ ነበር።

እሑድ ራዲዮ ጠጋኙ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። ክላክሱን ነቅሎ በቦታው ረጅም ሽቦ ያለው አምፖል አሰረ፤ አምፖሉን ወደ ኋላ ወንበር ሳበው። ከእንግዲህ መጮኽ ሲያምረው ይበራል፣ ጎረቤትም አይቀየመንም አለ። አባቴ መኪናውን ይነዳል፤ እሱ ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ይፈትሻል፤ አምፖሉን አይቶ “በራ” እና “ጠፋ” የሚል ሰው ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ሥራ የሌላት እኔ ነበርኩ።

እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የዋልኩ ልጅ ነኝ። ትምህርቱን ለመተዌ ብዙ ምክንያት ነበረ፤ አንዱ ግን አስተማሪ ስም ሲጠራ “አቤት” ማለት እያቃተኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንደ ቀሪ መቆጠሬ ነው። አሁንም መጻፍ የምወደው ድምፅ ስለማይጠይቅ ነው። ያን ቀን ግን የተፈለገው ድምፄ ነበር።

ወደ አጣና ተራ ሄድን፤ እሑድ ስለሆነ ሜዳው ባዶ ነበር። አባቴ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። የራዲዮ ጠጋኙ ጭንቅላት ከዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ እግሮቹ በተከፈተው በር ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል። አምፖሉ በእጄ ላይ ቦግ አለ።

“በራ?” አለ ከሥር።

ራሴን ነቀነቅሁ።

“አንቺ ልጅ፣ በራ ወይ?”

አጥብቄ ነቀነቅሁ።

“ልጅቱ አለች ወይስ መንገድ ላይ ወድቃለች?”

“አለች፤ ራሷን እየነቀነቀች ነው” አለ አባቴ።

“እኔ ከዚህ ጉድጓድ ሆኜ ራሷን በምን ልየው? በሱባዔ?”

ጂፑ ቆመ። ተማከሩ። አባቴ ድምፅ እንደማላወጣ ስለሚያውቅ አልተቆጣኝም፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ መፍቻ አውጥቶ ሰጠኝ። ሲበራ የወንበሩን ብረት እመታለሁ፤ ሲጠፋ እተዋለሁ። ይሄ ለእኔ የሚሆን ንግግር ነበር።

እንደገና መዞር ጀመርን። ወደ ግራ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ወደ ቀኝ ሲዞር መፍቻውን አሳረፍኩ፤ አምፖሉ ግን በራ። የተሳሳትኩ መስሎኝ በነጠላዬ ጠረግሁት። በርቷል። መታሁ።

“አሁን እኮ በቀኝ ነው የዞርኩት” አለ አባቴ።

“ልጅቱ ዘፈን ጀመረች እንዴ?” አለ ራዲዮ ጠጋኙ።

አልጀመርኩም። በግራም ይበራል፣ በቀኝም ይበራል። ትናንት ግራ ብቻ የነበረው ጣጣ አድሮ ሁለት ሆኗል። ራዲዮ ጠጋኙ ከሥር ወጥቶ ላቡን ጠረገና፣ ራዲዮ ሲበላሽ አንድ ቦታ ሆኖ ይጠብቀዋል እንጂ እንዲህ እንደ ኩፍኝ ሲዛመት አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ይህን ሲያወሩ፣ በዚያ የሚያልፉ አንዲት አሮጊት ከበሩ የተንጠለጠሉትን እግሮች አይተው ኖሮ፣ ሰውየውን ወዴት ነው የምትወስዱት፣ የልጆች አባት ነው፣ እባካችሁ ማሩት እያሉ መጡ። ራዲዮ ጠጋኙ ራሱ ወርዶ በሰላም መሆኑን እስኪያስረዳቸው ድረስ ከመንገዳችን አልለቀቁም።

ምሳ ላይ እናቴ ወጡን እያወጣች እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። አባቴ በቀኝም ጀመረው አላት። ጭልፋውን አየር ላይ እንደያዘች ቆመች።

“ባሰበት?”

“ባሰበት።”

“እንዴት ሊብስበት ይችላል?” አለች፤ እኛን ግን አልነበረም የጠየቀችው። ጣሪያ ጣሪያ እያየች ነበር።

እስኪመሽ ቢሠሩም ማግኘት አልቻሉም። ተጠርጣሪ ሆኖ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ከመሪው የሚመጣው ሽቦ ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ የሚያልፍበት ጠባብ ዋሻ። የራዲዮ ጠጋኙ እጅ እስከ ጣቱ ሥር ብቻ ነው የሚገባው፤ የአባቴም እንደዚያው። ሰኞ ገና በጠዋቱ ራዲዮ ጠጋኙ ተመልሶ መጣ፣ ክላክሱን ወደ ቦታው መለሰው፣ ከዚያ የሁላችንንም እጅ ማየት ጀመረ። የእናቴን ሲያይ እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አገባች። የእኔን አየና ነይ አለኝ።

ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋለልኩ። እውነቱን ለመናገር ቦታውን ወደድኩት፤ ጨለማ ነው፣ ሰው የለም። እጄን ሽቅብ ላክሁ። ሽቦ፣ አቧራ፣ ሽቦ፣ ከዚያ ወረቀት። ጂፕ ውስጥ ወረቀት ምን ይሠራል ብዬ ዳበስኩት፤ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ነው። ጫፉን ስከተል መርፌ ቁልፍ አገኘሁ። መርፌው የሽቦዎቹን እሥር ወግቶ አልፎ ካርቶኑን ይዞታል፤ ካርቶኑ እንደ ደወል ተንጠልጥሏል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተወዛወዘና መርፌው የዳሽቦርዱን ብረት ነካ። ክላክሱ ጮኸ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ።

መርፌውን ከፍቼ ካርቶኑን ወደ ብርሃን አወረድኩት። መልአኩ ሰይፉን መዝዞ ቁልቁል አየኝ። እንደገና እጄን ስሰድ ከሌላው ጎን ሁለተኛ መርፌ፣ ሁለተኛ ካርቶን አለ። እመቤታችን ነች፤ ይቺ አቧራ እንኳ አልያዘችም። ሁለቱንም መርፌዎች አወቅኋቸው፤ የእናቴ የነጠላ መርፌዎች ናቸው። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ከመስታወቱ ላይ የወረደውን መልአክ ማንም በማያይበት ቦታ መልሳ ሰቀለችው። ጂፑ መጮኽ ሲጀምር መልአኩ ብቻውን አልቻለም ብላ ቅዳሜ ማታ እመቤታችንን ጨመረች።

“አገኘሽ?” አለ ራዲዮ ጠጋኙ።

መልስ ሳልሰጥ በበሩ በኩል ሌላ ጥንድ ጫማ አየሁ። እንደ መስታወት የተወለወለ ጫማ፣ ከላዩ እንደ ቢላ የተተኮሰ ሱሪ። የስምሪት ኃላፊው ቀድሞ መጥቷል። ጩኸቱንም ሰምቷል።

“ይህ ምንድን ነው፣ ጓድ?” አለ አባቴን።

ሥዕሎቹን በቀሚሴ አንገት ወደ ደረቴ ከትቼ፣ መርፌዎቹን በመዳፌ ይዤ ወጣሁ። ሁሉም እኔን ያያል። እናቴ በራፉ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። እጄን ዘረጋሁ። ኃላፊው መርፌዎቹን ተመለከተ።

“ይህ ነው የጮኸው?”

ነቀነቅሁ።

“የማን ነው?”

አባቴን አየሁት። እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል፤ ልክ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ እንደሚቆመው። በሕይወቴ ለማላውቀው ወንድ ያደረግሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው፦

“የእኔ ነው። መኪናውን ስጠርግ ከነጠላዬ ላይ ወድቆ ይሆናል።”

ኃላፊው አየኝ። ፊቴን አይደለም፤ ከፊቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንገቴ ጋ ነው ያየው። እኔ ደግሞ መሬት መሬት አያለሁ።

“ወድቆ፣ ሽቅብ ዳሽቦርድ ውስጥ ገባ?”

ንግግሬ አልቆ ነበር። ራዲዮ ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገና ገባበት።

“ጓድ፣ ኤሌትሪክ መርፌ ይስባል። እኔ ራዲዮ ውስጥ ማንኪያ አግኝቻለሁ።”

ኃላፊው ወደ እሱ ዞሮ ደግሞ እሱን አየው። ከዚያ አባቴን ጂፑን እንዲያስነሣ አዘዘው። አባቴ በግቢው ውስጥ ወደ ግራ ዞረ፤ ዝም። ወደ ቀኝ ዞረ፤ ዝም። የመሪውን ቁልፍ ሲጫነው ጮኸ፤ ሲለቀው አቆመ። ኃላፊው ሻንጣውን ከኋላ አስቀምጦ ከፊት ወጣና ተቀመጠ። አባቴ በመስኮቱ በኩል ሲያየኝ ቁመቱ ተመልሶ ነበር። ከበራችን ወጥተው ወደ ግራ ሲታጠፉ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። የተሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

እናቴ ሮጣ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው የቀሚሴን አንገት መሰብሰብ ነበር። የመልአኩ ሰይፍ እስከ እጀታው ድረስ ከአንገቴ ወጥቶ ኖሯል።

አባቴ ከመስክ ሲመለስ እናቴ ራሷ ነገረችው። እሱ መሳቅ ጀመረ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ላድንህ ብለሽ ዘበኛ ልታደርጊኝ ነበር እኮ።”

“ዘበኛ ገደል አይገባም” አለች እናቴ።

ደግሞም በዚያ ሁሉ ጩኸት ሰው ሁሉ ከመንገዱ ይሸሽለት እንደነበር፣ ማንንም እንዳልገጨ፣ ታዲያ መልአኩ ሥራውን አልሠራም ወይ ብላ ጠየቀችን። ሥዕሎቹ ወደ ጂፑ መመለሳቸው አይቀሬ ነበር፤ የቀረው ክርክር የት የሚለው ነው። አባቴ ከወንበሩ ሥር አለ። እናቴ ሰው ሊቀመጥባቸው ነው ወይ ብላ ጮኸች። በመጨረሻ የሸራው ጣሪያ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በመጣፊያው ጨርቅና በሸራው መካከል በክር ተሰፉ። ራዲዮ ጠጋኙ ተጠርቶ ክር ኤሌትሪክ እንደማያሳልፍ አረጋገጠ፤ እናቴ ግን እንዲምል ስላደረገችው ትንሽ ተቀየመ። መጣፊያው ከፊት ወንበር በላይ፣ ልክ ኃላፊው ከሚቀመጥበት ራስ ላይ ነበር።

ጂፑ ከዚያ ወዲያ አልጮኸም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ፣ ከአንድ ረጅም የመስክ ጉዞ ሲመለሱ፣ ኃላፊው ቤታችን ደጃፍ ላይ ወርዶ ሻንጣውን ተቀበለ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በቀዳዳ እያየሁ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄደና ተመልሶ ወደ አባቴ ጠጋ አለ። ወደ ጣሪያው አላየም፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

“ጋሼ፣ ከራሴ በላይ ያለችው መጣፊያ ስፌቷ ላልቷል። እትዬ ቢያጠብቁልን።”